ነፃ ወጥቶ ጌታ ፍለጋ

«ይህን መልእክት ለ12 ሰው ላኩ። የላከ በሦስት ቀን ውስጥ ታላቅ የምስራች ይሰማል፤ ንቆ የተወው ግን...»

የቀረውን እናንተው ታውቁታላችሁ። ድሮ በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይታደል ነበር። ቀጥሎ በአጭር የስልክ መልእክት መጣ፤ ከዚያ በኢሜይል፤ አሁን ደግሞ በቴሌግራምና በዋትስአፕ፣ በሥዕልና በዝማሬ ታጅቦ ይመጣል። ቴክኖሎጂው አድጓል፤ ማስፈራሪያው ግን ያው የጥንቱ ነው።

እኔን የሚገርመኝ መልእክቱን የሚፈበርከው ሰውዬ አይደለም። እሱ ሥራ ፈት ነው እንበልና እንለፈው። የሚገርመኝ የሚያስተላልፈው ነው። ዲግሪውን የጫነ፣ ባንክ የሚሠራ፣ ሶፍትዌር የሚጽፍ ወጣት «አላምንበትም... ግን ለምን ችግር እጠራለሁ?» ይልና ለአሥራ ሁለት ወዳጆቹ ይልካል። አሥራ ሁለቱም እንደዚያው እያሉ ለአሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰው ይልካሉ። ሂሳቡን ሥሩት። በሦስተኛው ዙር 1,728 ክርስቲያን በአንድ ሥራ ፈት ሰውዬ ፈርቷል ማለት ነው!

«ቀልድ ነው፣ ምን ታካብዳለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ቀልድስ ባልሆነ። «አላምንበትም፣ ግን...» የምትለው ዓረፍተ ነገር ስልካችን ውስጥ ብቻ ብትቀር ኖሮ እኔም ስቄ አልፋት ነበር። ችግሩ፣ ይህቺው ዓረፍተ ነገር ትዳራችንን፣ ደሞዛችንን፣ ሕክምናችንን፣ ድምፃችንን እየመራች ነው። ክርስቶስ ነፃ አወጣን ብለን እሑድ እናጨበጭባለን፣ እልል እንላለን። ሰኞ ጠዋት ግን አዲስ ጌታ ፍለጋ እንወጣለን። የዛሬው ጽሑፌ በዚህ ላይ ነው።

ከግብጽ ወጥቶ ሽንኩርት መናፈቅ

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። የሃይማኖት ነፃነትና መንፈሳዊ ነፃነት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን መንግሥት ሊነፍግም ሊያከብርም ይችላል። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ፣ ሰባክያን ሲታሰሩ፣ ወጣቶች መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ደብቀው በየሳሎኑ በሹክሹክታ ሲጸልዩ የተነፈጋቸው የሃይማኖት ነፃነት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ላይ የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነፃነትን ደንግጓል። አፈጻጸሙ ያጨቃጭቀን ይሆናል፤ ቢያንስ ግን ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የሚጸልይ ሰው ድምፁን የሚቀንሰው ለጎረቤት እንቅልፍ ብሎ ነው እንጂ ካድሬ ፈርቶ አይደለም። (ለጎረቤት እንቅልፍ የሚቀንስ ከተገኘ ማለቴ ነው።)

ሁለተኛውን ነፃነት ግን ሕገ መንግሥት አይሰጠውም፣ ካድሬም አይወስደው። አንተ ራስህ ካልጣልከው በቀር ማንም አያነሳብህም።

እኛ ደግሞ መጣል እናውቅበታለን። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11ን አንብቡት። እስራኤል ከግብጽ ወጥተዋል፣ ባሕሩን ተሻግረዋል፣ መና እየወረደላቸው ነው። ታዲያ ምን ናፈቃቸው? ዓሣው፣ ዱባው፣ ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ! ጅራፉን ረስተው ሽንኩርቱን አስታወሱ። ባርነት ክፉ ቢሆንም አንድ ምቾት አለው፦ ነገ ምን እንደምትሠራ የሚያስብልህ ሌላ ሰው ነው። በረሃ ላይ ግን ራስህ ማሰብ አለብህ። ማሰብ ደግሞ ያደክማል።

ሐዋርያው ጳውሎስ የገላትያን ክርስቲያኖች የሚወርፋቸው በዚሁ ምክንያት ነው። ማንም በግድ አላሰራቸውም። ከተፈቱ በኋላ በራሳቸው እግር ሄደው አንገታቸውን ለቀንበር ሰጡ። ሞኞች እስከማለት የደረሰው ያለ ነገር አይደለም።

ሕሊና በኪራይ

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ላገባት? ነቢዩን ልጠይቅ። ሥራ ልቀይር? ነቢዩን ልጠይቅ። ካናዳ ይሳካልኛል? ነቢዩ ስልክ ቁጥር ለቋል፣ ልደውል። ከፊት ወንበር ለመቀመጥ፣ እጁን ለማስጫን፣ ዘይቱን ለመግዛት፣ «ዘር ለመዝራት» ወረፋው እንደ ስኳር ወረፋ ነው። ነቢይ የሌለበት ሠፈር ውስጥ ደግሞ ሕልም ፈቺ አለ፤ ሕልም ፈቺ ከሌለ «እሳቸው እኮ ያያሉ» የሚባሉ አንድ ባሕታዊ አሉ። ስለዚህ ፕሮቴስታንት ወዳጄ በኦርቶዶክሱ አትሳቅ፤ ኦርቶዶክስ ወዳጄም በፕሮቴስታንቱ አትሳቅ። ኪራይ ቤቱ ይለያያል እንጂ ተከራዮቹ አንድ ነን።

እግዚአብሔር በሰው አድሮ አይናገርም አላልኩም። ከተናገረ በኋላም ቢሆን ኃላፊነቱ ከአንተ ላይ አይወርድም ነው ያልኩት። ለዚህ ደግሞ አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 13 ላይ ከተጻፈው ታሪክ የሚያስደነግጥ የለም። ከይሁዳ የመጣ አንድ የእግዚአብሔር ሰው ነበር። በሄደበት እንጀራ እንዳይበላ፣ ውኃም እንዳይጠጣ፣ በመጣበትም መንገድ እንዳይመለስ ከእግዚአብሔር ታዟል። ንጉሡ ሲጋብዘው እንቢ አለ። ጎበዝ! ኋላ ግን በቤቴል የሚኖር አንድ ሽማግሌ ነቢይ ደረሰበትና «እኔም እንዳንተው ነቢይ ነኝ፣ መልአክ ነገረኝ፣ ወደ ቤቴ ና» በሚል ውሸት መለሰው። ሰውዬውም አመነ፣ ሄደ፣ በላ። ሲመለስ መንገድ ላይ አንበሳ ገደለው።

ልብ በሉ። ንጉሥን እንቢ ያለ ሰው ነቢይን እንቢ ማለት አቃተው። ደግሞም «ነቢዩ ነግሮኝ ነው» የሚለው ሰበብ ከአንበሳው አላስጣለውም። የዋሸው ሽማግሌ ምን ሆነ? ምንም! አህያውን ጭኖ ሄዶ አስከሬኑን አመጣ፤ አልቅሶም ቀበረው። የኛም ዘመን ነገር እንደዚሁ ነው። ትዳሩ ሲፈርስ፣ ብሩ ሲበላ፣ ቪዛው ሲከለከል ነቢዩ ቢበዛ ለለቅሶ ይመጣ ይሆናል። ዕዳው ግን ያንተ ነው።

በአንጻሩ የቤርያ ሰዎችን ተመልከቱ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ላይ ያሉትን። ሰባኪያቸው ጳውሎስ ነው፤ ጳውሎስ ራሱ! እነሱ ግን ቃሉን በደስታ ከተቀበሉ በኋላ ነገሩ እንደዚያ መሆኑን በየዕለቱ መጻሕፍትን እያገላበጡ ይመረምሩ ነበር። «የተቀባውን ትጠራጠራላችሁ?» ተብለው ተገሠጹ? ኧረ ተመሰገኑ እንጂ! ጳውሎስ የሚመረመር ከሆነ፣ ባለፈው ዓመት ቻናል የከፈተው የኛ ሰው ለምን አይመረመርም?

«እንግዲያማ የንስሐ አባትም፣ መጋቢም አያስፈልግም በለና!» አላልኩም። መካሪ የሌለው ሰው የራሱ ስሜት ባሪያ ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ። እውነተኛ አባት የሚለየው ግን በቀላሉ ነው። አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ከዚህ ሰው ጋር አምስት ዓመት ከቆየሁ በኋላ ክፉና ደጉን ለይቼ መወሰን እየቻልኩ ነው የመጣሁት ወይስ ያለ እሱ ጫማ እንኳን መግዛት እያቃተኝ? ልጅን መራመድ የሚያስተምር አባት መጀመሪያ እጁን ይይዛል፣ ኋላ ይለቀዋል። ሠላሳ ዓመት የሞላውን ልጅ አዝሎ የሚዞር አባት ካያችሁ፣ ልጁ ሽባ ነው፤ ወይም አባቱ የሚፈልገው ልጅ ሳይሆን ጌጥ ነው።

ሕይወት የሚያስከፍል ፍርሃት

ይሄ ሁሉ የገንዘብና የትዳር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሁን፣ ይማሩበታል እንል ነበር። ግን ሰው ይሞትበታል።

በ1990ዎቹ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ውስጥ ያለ ወገኖቻችን ከየአቅጣጫው ወደ እንጦጦ ጸበል ይጎርፉ እንደነበር የአዲስ አበባ ልጅ ያውቀዋል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት ጀመረ። መድኃኒቱ በእጃቸው፣ ጸበሉ በደጃቸው ሆኖ ሳለ ብዙዎች አንድ ምርጫ ውስጥ ተያዙ፦ መድኃኒቱን ከዋጥኩ እምነቴ ጎደለ ማለት ነው? ይህን ያሏቸው ሰዎች ነበሩ። አምነው መድኃኒቱን የጣሉ ነበሩ። ከእነሱም የሞቱ አሉ።

በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናገሩ። ሰው አቡነ ጳውሎስን በሌላ በሌላው ይወዳቸው ይጠላቸው ይሆናል፤ ይህች ንግግር ግን ነፍስ ያዳነች ናት። ያደረገችውን አስተውሉ። እምነትን ከሰው አልነጠቀችም። ጸበሉንም አላቃለለችም። ፍርሃቱን ብቻ ከመሃል አወጣችው። መንፈሳዊ ነፃነት በዕለት ኑሮ ውስጥ ምን ይመስላል ላላችሁኝ ይህን ይመስላል፦ ጠዋት ተጠምቆ፣ ማታ ክኒኑን ውጦ፣ ሁለቱንም ከአንድ አምላክ እጅ ተቀብሎ በሰላም መተኛት።

ታዲያ ነገሩ በ1999 አለቀ? አላለቀም። ዛሬም የስኳር መርፌውን፣ የደም ግፊት ክኒኑን፣ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቱን «በእምነት ጣለው» የሚል መድረክ አለ። መድረኩ ላይ ያለው ሰው ራሱን ሲያመው ወዴት እንደሚሄድ ብታጣሩ ደስ ይለኛል። አብዛኛውን ጊዜ አውሮፕላን ይሳፈራል።

ጴጥሮስን ያሰረው ሰንሰለት

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ሌሎች ይመስላል። «እኔ ነቢይ ጋ አልሄድም፣ ሰንሰለት መልእክትም አላስተላልፍም» የምትል አንተ፣ አሁን ወዳንተ መጣሁ። የኛ የተማርነው፣ የከተሜዎቹ ጌታ ሌላ ስም አለው። ይሉኝታ ይባላል።

ቅዱስ ጴጥሮስን ሄሮድስ በሁለት ሰንሰለት አስሮት ነበር፤ መልአክ መጣና ፈታው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ የማይሰበከው የአንጾኪያው ታሪክ ነው። ገላትያ ምዕራፍ 2 ላይ አለ። ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋር አንድ ገበታ ቀርቦ ይበላ ነበር። ከኢየሩሳሌም የተወሰኑ ሰዎች ሲመጡ ግን እጁን ሰበሰበ፣ ከገበታው ተነሣ። ለምን? እንዳያዩት! ምን ይሉኛል ብሎ! እሱን አይተው ሌሎቹም ተነሡ። ጳውሎስም በሰው ሁሉ ፊት ገሠጸው።

የሄሮድስ ሰንሰለት ያልያዘውን ሐዋርያ ይሉኝታ ያዘው። እኛማ ምን እንባል?

እስቲ ቁጠሩልኝ። በብድር የተደገሰ ሠርግ፣ ሚዜው ስድስት፣ ሊሞዚኑ በኪራይ፣ ሙሽሮቹ ዕዳውን ሦስት ዓመት የሚከፍሉት፤ ሁለቱም አገልጋዮች! ለምን? «ቤተሰብ ምን ይላል፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ምን ይላሉ፣ መዘምራኑ ምን ይላሉ።» ለሟች ነፍስ ተብሎ ሳይሆን ለቋሚ አፍ ተብሎ የሚደገስ ተዝካር። መቅደስ ውስጥ ሲገቡ ካሜራው የት እንዳለ መጀመሪያ የሚፈልግ ዓይን። ልመና ላይ ለተቀመጡት እናት አምስት ብር ሰጥቶ አምስት ፎቶ የሚለጥፍ እጅ።

ከሁሉ የባሰው ግን ቢሮ ውስጥ ያለው ነው። የጠረጴዛው መስታወት ሥር ሥዕለ አድኅኖ አስቀምጧል። ስልኩ ሲጠራ መዝሙር ነው። ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። ባለጉዳይ ሲመጣ ግን ፋይሉ ይጠፋል፤ «ለሻይ» ሲባል ፋይሉ ይገኛል። ይህ ሰው ጉቦው ኃጢአት መሆኑን አጥቶት አይደለም። ብትጠይቁት የሚላችሁ ይህን ነው፦ «አለቃው ይበላል፣ ጎኔ ያለው ይበላል፣ እኔ ብቻ አልበላም ብል ምን ልባል ነው? ጻድቅ ነኝ ሊል ነው ይሉኛል፣ ያስነሡኛል።» አያችሁ፣ ከአንጾኪያ ገበታ የተነሣው ሰው እዚህ ገበታ ላይ ተቀምጧል። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ሰው ምን ይለኛል።

እንግዲህ መንፈሳዊ ነፃነት የሚለካው በጉባኤው ላይ በሚወርደው እንባ ብዛት አይደለም። ማክሰኞ ከሰዓት፣ በር ተዘግቶ፣ ፖስታው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ «አይ፣ ይመልሱት» ማለት መቻል አለመቻልህ ላይ ነው። ማንም አያይህም፣ ማንም አያጨበጭብልህም። ምናልባት አለቃህ ያኮርፍሃል። እዚያ ላይ ነፃ ካልሆንክ ሌላ ቦታ ነፃ የመሆንህ ወሬ እኔን አያሳምነኝም።

«እግዚአብሔር ልብን ያያል»

አሁን ደግሞ ወዲያኛው ጫፍ ያለው ወዳጃችን ፈገግ ብሎ እያነበበ ነው። «ልክ ነህ! እኔ ማንንም አልሰማም። ቄስም፣ ፓስተርም፣ ጾምም አያስፈልገኝም። ነፃ ነኝ። እግዚአብሔር ልብን ያያል።»

አዎ ያያል። የሚያስፈራውም እሱ ነው።

ወንድሜ፣ ነፃነትህን እንፈትሽልህ። ስልክህን ለአንድ ቀን ቤት ትተህ መውጣት ትችላለህ? ደሞዝ በወጣ ማግስት ቤቲንግ ቤቱን ሳትገባ ታልፋለህ? ዓርብ ማታ ጓደኞችህ ሲደውሉ «ዛሬ ከእናቴ ጋር ነኝ» ብለህ ታውቃለህ? የተናደድክበትን ሰው ፌስቡክ ላይ ሳትሰድብ ማደር ትችላለህ? ብሔርህ ሲነካ የሌላውን ብሔር በጅምላ ሳትረግም መዋል ትችላለህ? ለአምስቱም «አልችልም» ካልክ፣ ጌታ የለኝም አትበል። አምስት አሉህ። ቄሱ ቢያንስ አንድ ናቸው።

የፈለጉትን ማድረግ ነፃነት ቢሆን ኖሮ ከሕፃን ልጅ የበለጠ ነፃ ሰው አይኖርም ነበር። ሕፃን የፈለገውን ያደርጋል፤ ግን የፈለገውን መተው አይችልም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው ይህንኑ ነው። እዚያ ከተማ ገበያ ላይ ከሚሸጠው ሥጋ መሃል በጣዖት ፊት የታረደ ነበረበት። መብላት ይቻላል ወይስ አይቻልም? የኛ ሰው የሥጋ ነገር እንዴት እንደሚከብድ ያውቃል፤ በየሥጋ ቤቱ ላይ የተሰቀለው ምልክት ምን ማለት እንደሆነ ለአገሬ ሰው አልነግረውም። ጳውሎስ ጣዖት ከንቱ ነውና ሥጋው ምንም አያደርግም ይላል። ከዚያ ግን ዞሮ፣ የኔ መብላት ደካማውን ወንድሜን የሚያሰናክለው ከሆነ ለዘላለም አልበላም ይላል።

ነፃነት እዚህ ላይ ይገለጣል። መብላት እችላለሁ፤ ስላንተ ብዬ መተውም እችላለሁ። በመብላቱ የሚኩራራ ሰው የሆዱ እስረኛ ነው። ባለመብላቱ የሚኩራራም የስሙ እስረኛ ነው። ስለ ወንድሙ ሲል ሁለቱንም ማድረግ የሚችለው ብቻ ነው የተፈታው።

ጾም ባርነት ነው?

«ነፃነት ካልክ ሕግና ሥርዓትስ?» ለሚሉኝ አንድ ነገር ልንገር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት የአዋጅ አጽዋማት አሏት፤ ከእነሱም መሃል የረቡዕና የዓርብ ጾም አለ። ይህንን አይቶ «ቀንበር ነው» የሚል ብዙ ነው። ይህች ቤተ ክርስቲያን ግን ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብን ጭምር አትጾምም። ፈልገህ እንኳን ብትል «አሁን የደስታ ጊዜ ነው፣ ብላ» ትልሃለች። የጾምን ብቻ ሳይሆን ያለመጾምንም ሥርዓት ሠርታለች። ሥርዓቱን ያወጡት አባቶች ጾም ጌታ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል ማለት ነው። አገልጋይ ነው። ይመጣል፣ ይሄዳል።

ጾምን ባርነት የሚያደርገው እኛው ነን። የጎረቤትን ድስት ስናሸት፣ «ከመቼ ወዲህ ነው አሣ የሚበላው?» ብለን ስንከራከር፣ በጾም ጥሬ ሥጋ አንበላም ብለን የሰው ሥጋ በሐሜት ስንበላ። ፕሮቴስታንቱም ጋ እንዲሁ ነው። መጠጥ ባለመጠጣቱ፣ ሱሪ ባለመልበሷ፣ በልሳን በመጸለዩ የሚለካ ነፃነት ስሙ ተለወጠ እንጂ ያው ጨርቅ ነው።

የታሰሩት ነፃ ሰዎች

ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወራሪ ጦር አዲስ አበባ ላይ አቡነ ጴጥሮስን በጥይት ገደለ። የተጠየቁት ብዙ አልነበረም፦ አርበኞቹን ሽፍቶች በሏቸው፣ ሕዝቡ ለጣሊያን እንዲገዛ ንገሩት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። እንቢ አሉ። ዛሬ ሐውልታቸውን በታክሲ አልፈን ስንሄድ «ጀግና» እንላለን። አዎ ጀግና ናቸው። ግን ነፃም ነበሩ። በዚያች ቀን እዚያ ቦታ ላይ ከነበሩት ሁሉ፣ መሣሪያ የያዙትን ጨምሮ፣ የማይታዘዝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ከአርባ ሦስት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ሰዎች ተወስደው ተገደሉ። ቀደም ሲል ታስረው ተፈትተዋል፤ ከአገር ለመውጣትም ዕድል ነበራቸው፣ አልወጡም። በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው የወረዱት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም የተገደሉት በዚያው በ1971 ዓ.ም. ነው። የኦርቶዶክሱ ፓትርያርክና የሉተራኑ ቄስ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ገዳይ እጅ። በሕይወት ዘመናችን ላለመነጋገር የምንፈልገው ክርስቲያኖች ይህን ብናስብ ጥሩ ነው።

ይህን ስል ግን አንድ መዘዝ እንዳይመጣ እፈራለሁ። «ነፍስ ነፃ ከሆነች ሥጋ ቢታሰር ምን አለበት?» የሚል ስብከት አለ። የሚሰብከው ሁልጊዜ ያልታሰረው ነው! ዓረብ አገር ሄዳ ፓስፖርቷን አሠሪዋ የያዘባት፣ የመውጫ ቀን የሌላት እህታችን «መንፈስሽ ነፃ ነው፣ ታገሺ» ብቻ ልትባል አይገባም። ጳውሎስ ባሪያውን ነፃ መውጣት ከቻልክ ውጣ ነው ያለው። ለፊልሞናም ደብዳቤ የጻፈው አናሲሞስን እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ወንድም ተቀበለው ብሎ ለመማለድ ነው። ውስጡ ነፃ የሆነ ሰው የሌላውን ሰንሰለት ሲያይ ዝም ማለት አይችልም። ዝም ካለ ውስጡም አልተፈታም።

ደግሞም ከእነዚህ እህቶች አንዳንዶቹ ለመሄድ ሲሉ ስማቸውን ቀይረው፣ ማተባቸውን ፈትተው ሄደዋል። እዚህ ተቀምጠን «ማተቧን ፈታች» ብለን ምራቃችንን እንተፋለን። እስቲ ተዉ! በሰው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ፣ ሌሊት፣ ድምፅ ሳታሰማ «አባታችን ሆይ» የምትል ልጅና ማተቡን አንገቱ ላይ አጥብቆ አስሮ የድሃ ፋይል የሚደብቅ ሹም፣ ማን ነው የፈታው? መልሱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ጽሑፌን የሚያነቡ አንዳንዶች «ስለዚህ ሰማዕት ሁኑ ነው የምትለን?» ይሉኛል። አይደለም። ዛሬ አብዛኞቻችንን የሚተኩስብን የለም። የሚጠየቀው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ለዚያም ነው የሚያሳፍረው። አቡነ ጴጥሮስ በጥይት ፊት ያሉትን «እንቢ» እኛ በቅሬታ ፊት፣ በኩርፊያ ፊት፣ «ምን ሆነሃል?» በሚል ሳቅ ፊት ማለት አቅቶናል።

ስለዚህ ከትንሹ እንጀምር። ቀጣዩ «ለ12 ሰው ላክ» ሲመጣ አጥፋው፤ ሦስቱን ቀን ቁጠርና ምን እንደሚሆን እይ። ነቢዩ ስለ ትዳርህ ሲነግርህ «አመሰግናለሁ፣ ከልጅቷ ጋር ግን እኔ ራሴ ላውራ» በለው። ሐኪምህ የሰጠህን መድኃኒት ሐኪምህ ሳይነግርህ አታቁም። ሠርግህን በአቅምህ ደግስ። ፖስታውን መልስ። ዓርብ ቀን የማትጾም ከሆንክ ከሚጾመው ባልደረባህ ጋር ሽሮ ብላ፤ አትሞትም። የምትጾም ከሆንክም የሌላውን ሳህን አትይ።

እነዚህን ስታደርግ የምትፈራው ነገር ሁሉ አይመጣም ብዬ አልዋሽህም። አክስትህ ታኮርፋለች። እድገቱ ይቀርብህ ይሆናል። «ትዕቢተኛ» ትባላለህ። ሽንኩርቱም ይናፍቅሃል፤ በጣም ይናፍቅሃል። ነፃነት ነፃ ነው ያለህ ማነው? ክርስቶስም በነፃ አልገዛውም።

ግን አንድ ነገር ታገኛለህ። ለመጀመሪያ ጊዜ «አላምንበትም፣ ግን...» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ግማሽ ላይ ታቆማታለህ። አላምንበትም፤ አላደርገውም። አምናለሁ፤ አደርገዋለሁ። መሃል ላይ «ግን» የለም።

አስተያየት ያላችሁ፣ በተለይ የማትስማሙ፣ ከታች ጻፉ። ስድብም ቢሆን አነባለሁ።

ቸር ይግጠመን።